መርዶ ነጋሪው የራቀው ቤት

ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ዲምቱ የሚሄድ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም። መሙላቱን የሚያውቀው ደግሞ ረዳቱ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» እያለ ሲጮህ ከውስጥ ያለው ወንበር ገና ግማሹ ባዶ ነበር። አቶ ኤርካሎ ይህን ዓይነቱን ውሸት ለምደውታልና አልተቆጡም። የተቆጡት በሌላ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲዞሩ ቆይተው፣ ሁሉም «ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን አንሸጥም» ብለው ባዶ እጃቸውን መልሰዋቸዋል።

ወደ ሚኒባሱ ሲገቡ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት አየቻቸውና እጇን ደረቷ ላይ ጣለች።

«ኧረ ጌታ ሆይ! አባ ኤርካሎ፣ ወደ ማን ቤት ነው?»

«ወደ ራሴ ቤት ነው። በሰላም ተቀመጪ» አሏት።

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። አይፈረድባትም። በዲምቱ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች የኤርካሎ ስምና መርዶ ተለያይተው አያውቁም። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው። ጎረቤቱን አዘጋጅተው፣ ዘመዱን አሰባስበው፣ ገና ሲነጋጋ ገብተው የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ቃላቸው አይዘባረቅም። ታዲያ ይህ ችሎታቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ጠዋት ወደ አንድ ሰው ደጅ ሲያመሩ ከታዩ ያ ቤት ገና ሳይደርሱ ይታመሳል። ስለዚህ ዘመድ የሚጠይቁት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ገበያም የሚወጡት ፀሐይ ካዘቀዘቀች ነው።

ከኋላቸው የገባችው ወጣት ይህን ሁሉ አታውቅም። የቤሌ ከተማ ልጅ ናት፤ ስሟ ህብረት ነው። ነጭ የሐኪም ጋዋኗን አጣጥፋ በክንዷ ይዛ፣ «ይህ ቦታ ሰው አለው አባ?» ብላ ከኋላ ወንበር ከአጠገባቸው ተቀመጠች። አቶ ኤርካሎ ጋዋኗን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ልጄ፣ ሐኪም ነሽ?»

«ሆስፒታል ነው የምሠራው አባ። በየሳምንቱ ደግሞ ዲምቱ ጤና ጣቢያ እመጣለሁ።»

«እንግዲያው እግዜር ነው የላከሽ። የእንቅልፍ ክኒን ጻፊልኝ።»

«ለእርስዎ ነው?»

«ለእኔማ ምን ሲደረግ! እኔ ራሴን ካሳረፍኩ ዶሮም አይቀሰቅሰኝ። ለሟች ወንድሜ ሚስት ነው።»

«ይቅርታ አባ፣ እኔ ክኒን አላዝም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ሲጨነቅ፣ ሐዘን ሲበረታበት፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እያነጋገርኩ አክማለሁ።»

«እያነጋገርሽ? መርፌስ?»

«የለም።»

«ሽሮፕስ?»

«እሱም የለም።»

«ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉሻል?»

«ይከፍሉኛል፤ ትንሽ ነው እንጂ።»

«ትንሽ መሆኑስ ደግ። ለወሬ የለው ፍሬ፣ ለአበባ የለው ገለባ ብለዋል አባቶች።»

ህብረት አልተቀየመችም። «የእርስዎስ ሥራ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። አቶ ኤርካሎ አፋቸውን ሳይከፍቱ የፊቷ ነጋዴ ዞር ብላ፣ «እሳቸውም በወሬ ነው ሰው የሚያስለቅሱት! መርዶ ነጋሪ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ካየሻቸው ሩጪ!» አለቻት።

«ታዲያ የሥራ ባልደረቦች ነና» አለች ህብረት።

ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሚኒባሱም የዳሞታን ተራራ ከጀርባው ትቶ ቁልቁል ወደ ቆላው ያዘ። የሞተሩ ጩኸት ከኋላ ወንበር ያሉትን ሰዎች ከሌላው ለያቸው። ህብረት ወሬውን ወደ ወላይትኛ መለሰችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የወንድምዎን ሚስት ምን አገኛቸው?» አለች።

«ፋንታዬ አትተኛም» አሉ። «ራሷን ያማታል፣ ልቧን ያቃጥላታል። ጤና ጣቢያ ጨጓራ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት፤ አልተዋትም። ወንጌላዊው ጸለየላት፤ ሲጸልይላት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። አሮጊቶቹም ሥር ቀቅለው አጠጧት። የሁሉም ኃይል ላንድ ሌሊት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጇ...» አሉና ቆሙ። ወደ ፊት ወንበር አዩ። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው፣ ለሰው ሊናገሩት የማይደፍሩትን ነገር ለማያውቋት ልጅ ተናገሩ። ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ለጎረቤቱ የደበቀውን ለመንገደኛ ያወርደዋል።

የፋንታዬ አንድ ልጅ ጦና ሶዶ ከተማ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያቀና ታንዛኒያ ጫካ ውስጥ ታመመ፤ ሳይውል ሳያድር ሞተ። የቀበረው አብሮ አደጉ ታምራት ነው። ለአቶ ኤርካሎ የደወለውም እሱ ነው። ወሬው የመጣው በበልግ ነበር፤ አሁን ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ደጅ ላይ ነው። እናትየዋ ግን የተባለችው፣ «ጦና ታንዛኒያ ታስሯል፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» ነው።

«ለምን አልተነገራቸውም?» አለች ህብረት።

«ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ምን ይዛ ታልቅስ? ደግሞ ግፊት አለባት። ደግሞም ጊፋታ ይለፍ፤ በበዓል ዋዜማ መርዶ ነውር ነው።»

«ጊፋታ ካለፈ በኋላስ?»

«የበቆሎ አዝመራ አለ።»

«ከአዝመራውስ በኋላ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?»

አቶ ኤርካሎ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሐሰተኛም አይደሉም። በእኛ አገር ሰው የሚወደውን ሰው ከእውነት ይደብቀዋል፤ ሕመሙን ከሕመምተኛው፣ ሞቱን ከሟች እናት። መደበቁ ከፍቅር የመጣ ነው። ክፋቱ፣ የተደበቀው ሰው ሸክሙን ብቻውን ሲሸከም፣ የደበቀው ሰው ጠበቅሁት ብሎ ማመኑ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ህብረት። «ፋንታዬ ስለ ጦና ይጠይቃሉ?»

«መጀመሪያማ አላፊ አግዳሚውን ታደክም ነበር። ‹ስልኩ ተከፈተ ወይ? ድምፁን የሰማ አለ ወይ?› አሁን እግዜር ይመስገን ትታዋለች። ተጽናንታለች።»

«ተጽናንተው ነው እንቅልፍ ያጡት?»

አቶ ኤርካሎ በትራቸውን ከጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

«ልጇ የታሠረባት እናት መጠየቅ ታቆማለች አባ? ዋስ ትፈልጋለች፣ ስንቅ ታዘጋጃለች፣ ሰው ትልካለች። እናት መጠየቅ የምታቆመው መልሱን ስትፈራ ነው።»

«ማን ነግሯት? አፋችንን ይዘናል! ሕፃናቱ እንኳ አያውቁም።»

«መጠየቅ ያቆሙት መቼ ነው?»

«ቦይናው፣ ያው ጎደሬው፣ በተተከለ ሰሞን።»

«በዚያ ሰሞን በቤታቸው የተለወጠ ነገር ነበር?»

«ምንም።»

«እርስዎስ ያን ጊዜ ይጠይቋቸው ነበር?»

አቶ ኤርካሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ይውለበለባል። እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ጠዋት ያለ ፍርሃት የሚገቡበት አንድ ቤት ቢኖር የፋንታዬ ቤት ነበር። ወደ እርሻቸው ሲወርዱ በግቢዋ ያልፋሉ፤ እርጎም ሆነ የተቀቀለ በቆሎ ታቀብላቸዋለች። «አያ ኤርካሎ፣ ዛሬም ማንም አልሞተም?» ብላ ትቀልድባቸው ነበር። በመርዶአቸው የምትቀልድ ከሰው ሁሉ እሷ ብቻ ነበረች።

«ወሬው ከመጣ ወዲህ ዐይኗን ማየት አቃተኝ» አሉ። «በታችኛው መንገድ ነው የማልፈው። ይቀርባል ብዬ።»

«ይቀርባል?»

«ይርቃል።»

ህብረት ቃሏን እየመረጠች ተናገረች። «አባ፣ ሰው ሁሉ ጠዋት የሚደነግጠው እርስዎ ሲመጡ ነው። ፋንታዬ ግን የደነገጡት እርስዎ ሲቀሩ ነው። ልጃቸው መንገድ ላይ ነው፤ መርዶ ነጋሪው ደግሞ በየማለዳው ይመጣ ነበር፣ አንድ ቀን ቀረ። ተመልሶም አልመጣም። ሌላ ምን ቃል ያስፈልጋል? መርዶውን አርድተዋቸዋል። ያልሰጧቸው ልቅሶውን ነው።»

አቶ ኤርካሎ ቆባቸውን አወለቁ፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አገላበጡት፤ መልሰው አጠለቁት። የስንቱን ሰው ፊት ያነበቡ ሰው፣ የገዛ ወንድማቸውን ሚስት ፊት ሳያነቡ ክረምቱ አልፏል። መጠየቅ ያቆመ ሰው አውቋል ማለት እንደሆነ ከእሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል? በሌላው ቤት ቢሆን ወዲያው ያዩት ነበር።

«እርሟን ሳታወጣ እኮ ነው የከረመችው» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ህብረት ሽማግሌው መረታታቸውን ስታይ ፈጠነች። ወጣት ናትና፣ ያሸነፈ የመሰለው ሰው የሚሠራውን ስሕተት ሠራች።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት ጤና ጣቢያ ያምጧቸው። በክፍሌ ውስጥ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። አነጋገሩን ተምረንበታል።»

ይኼኔ የአቶ ኤርካሎ ጀርባ ቀና አለ።

«ክፍልሽ ስንት ሰው ይይዛል?»

«እኔና እሳቸው ብቻ ነው የምንሆነው።»

«በምን ላይ ትቀመጣለች?»

«ወንበር አለ።»

«ወንበር!» አሉ፣ ወንበር ስድብ የሆነ ይመስል። «ስሚኝ ልጄ። አሁን ተራው የእኔ ነው። ሞት ላንድ ሰው አይነገርም። ከማታው ለጎረቤት ይነገራል። ራቷን እንድትበላ ይደረጋል፤ በማግሥቱ ጉሮሮዋ ይዘጋልና። ውሃ ይቀዳል። የእናቷ ወገን ቢርቅም ይጠራል፤ የራሷ ሰው የሌለበት ልቅሶ ስድብ ነው። ስትወድቅ የሚይዟት ጠንካሮች ሴቶች ከበር ውጭ ይቆማሉ። ከዚያ እንገባለን። ‹ተቀመጡ› ትላለች፤ አንቀመጥም። አለመቀመጣችንን ስታይ ገላዋ ያውቃል። ቃሉ የሚመጣው ገላ ካወቀ በኋላ ነው። ትጮኻለች፤ ከውጭ ያለው ይቀበላታል፣ መንደሩም ይቀበለዋል። ብቻዋን የጮኸች ሴት ታብዳለች። አገር የጮኸላት ግን እርሟን ታወጣለች። እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ክፍል ውስጥ ብትጮህ ማን ይመጣል?»

ህብረት አሰበች። ልትከራከር ፈልጋ ነበር፤ ግን ሐቀኛ ልጅ ናት።

«ዘበኛው ይመጣል» አለች።

አቶ ኤርካሎ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። የፊቷ ነጋዴ ደግሞ ዘወር ብላ፣ መርዶ ነጋሪ ሲስቅ ማየት ደግ ምልክት ይሁን ክፉ ባለማወቅ አፈጠጠችባቸው።

«እውነትዎን ነው» አለች ህብረት ሳቋ ሲበርድ። «እኔ የተማርኩባቸው መጻሕፍት የተጻፉት ሰው ሐዘኑን ለብቻው ይዞ ሐኪም ዘንድ በሚሄድበት አገር ነው። አሁን የነገሩኝን አንድም መምህር አልነገረኝም። ማርዳቱን ለእርስዎ ትቻለሁ። ግን ልጠይቅዎ፤ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ እግዚአብሔር ያጽናናል።»

«እሱስ ያጽናናል። ከሰው ማን ይሄዳል?»

«ጎረቤት ብቅ ይላል።»

«ብቅ ብሎ ምን ይላል?»

«‹አይዞሽ፣ እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ› ይላል።»

«ይህ ደግ ቃል ነው፤ ግን ሐዘንተኛዋ ልትናገር የነበረውን ይቆርጠዋል። ‹ለምን አልከለከልኩትም? ለምን መርቄ ሸኘሁት?› የሚል ነገር ልቧ ውስጥ አለ። ለጎረቤት አትናገረውም፤ ለወንጌላዊውም አትናገረውም። ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚቀሰቅሳት። እኔ ያን ቃል ሳልቆርጥ አደምጠዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው እንድታወጣው አግዛታለሁ። ወሬ ያሉት ሥራዬ ይህ ነው። እርስዎስ ካረዱት ቤት ይመለሳሉ?»

«እኔማ እንዴት ብዬ? እኔን ሲያዩ ያችን ጠዋት ነው የሚያዩት።»

«እንግዲያው እርስዎ ቁስሉን ይከፍታሉ፣ የሚያጥበው የለም ማለት ነው።»

አቶ ኤርካሎን ይህን ነገር ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሥራቸው ከድንኳኑ ጋር ያልቃል ብለው ነበር የሚያምኑት። አሁን ባረዷቸው ቤቶች ሁሉ ደጅ በሐሳባቸው አለፉ፤ ከዚያ ጠዋት በኋላ ውስጡ ምን እንደሆነ ያወቁት አንድም ቤት አልነበረም።

«ሌላም አለ» አለች ህብረት። «ሲያረዱ እንዴት እንደሞተ ይናገራሉ?»

«ዝርዝር አይነገርም። ያቆስላል።»

«ያልተነገራትን እሷ ትሞላዋለች፤ የምትሞላው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ነው። አውሬ በላው ትላለች፤ ሜዳ ላይ ተጣለ ትላለች። ዐይኑን የጨፈነው ማን ነው?»

«ታምራት።»

«ታምራት ራሱ ይንገራቸው። በመጀመሪያው ቀን አይደለም፤ ጆሮአቸው ሲከፈት።»

ሚኒባሱ ዲምቱ ገብቶ ቆመ። አቶ ኤርካሎ ለመውረድ አልቸኮሉም።

«እሺ» አሉ። «ይሁን። አንቺም ትመጫለሽ። ግን ያን ነጭ ልብስሽን ቤትሽ ትተሽ፣ ነጠላ አጣፍተሽ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጫለሽ። እሱን ለብሰሽ ብትገቢ ገና ሳልናገር ትወድቅብኛለች።»

ቀጥሎ የመጣው እንቅፋት ወንጌላዊ ኤልሳዕ ነበር። ፋንታዬ የእሱ ምእመን ናት፤ ያለ እሱ ፈቃድ ለቅሶ ቢደረግ ጉባኤው ይከፈላል። አቶ ኤርካሎና ህብረት ቸርቹ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ገለጹለት።

«መነገሩን እደግፋለሁ» አለ ኤልሳዕ። «የጥንቱን ዋይታ ግን አልቀበልም። ደረት መምታት፣ ሙሾ ማውረድ፣ ሜዳ ላይ መዞር ትተነዋል። ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ተብሏል።»

«አትዘኑ አልተባለም እኮ፤ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው የተባለው» አሉ አቶ ኤርካሎ። «ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ መቃብሩ ዘንድ አልቅሷል። እሱ ያለቀሰውን ፋንታዬን ልትከለክላት ነው?»

«አባ ኤርካሎ ጥቅስም ጀመሩ?»

«በየልቅሶው ስቀመጥ ስንት ስብከት የሰማሁ ይመስልሃል? ከአንተ እበልጣለሁ።»

ኤልሳዕ ፈገግ አለ። ህብረት ደግሞ በትሕትና፣ «ወንጌላዊ፣ በምሠራበት ሆስፒታል የማያቸው ሐዘንተኞች ብዙዎቹ በለቅሷቸው ቀን ‹በቃ፣ በርቺ› የተባሉ ናቸው። በውጭ የተከለከለው ለቅሶ ወደ ውስጥ ገብቶ ራስ ምታትና የልብ ማቃጠል ይሆናል። ዝማሬውን አይተዉት፤ ዝማሬው ከለቅሶው በኋላ ይምጣ ነው የምንለው» አለችው።

ኤልሳዕ ብዙ አሰበ። በመጨረሻም፣ «ከበሮ አይኖርም፤ ደረትም አይመታም። እንባ ግን የጌታ ነው፤ ማንም አይከለክላትም» አለ። በዚህ ተስማሙ።

የቀረው የሬሳ ጉዳይ ነበር። በድሮ ዘመን በሩቅ አገር የሞተ ጎበዝ ሲለቀስለት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞር እንደነበር አቶ ኤርካሎ ከአባታቸው ሰምተዋል። ጦና ግን ፈረስ አልነበረውም። ሲያስቡ ሰንብተው፣ ሶዶ ወጥተው ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር ተነጋገሩ።

ማርዳቱ ጊፋታን አልጠበቀም። ጠዋት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አቶ ኤርካሎ በላይኛው መንገድ ወደ ፋንታዬ ቤት ሄዱ። ከኋላቸው የእናቷ ወገኖች፣ ኤልሳዕና ጎረቤቶች ነበሩ። ህብረት ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። አቶ ኤርካሎ ለማንኳኳት በትራቸውን ሲያነሡ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ፋንታዬ ለባብሳ፣ መቀነቷን አጥብቃ ነበር።

«አያ ኤርካሎ» አለች። «በላይኛው መንገድ መጣህ?»

«መጣሁ።»

ተቀመጡ አላለችም። ከትከሻቸው በላይ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ ጠየቀች፤ «ልጄን የት ቀበራችሁት?»

አቶ ኤርካሎ የለመዱት ቃል ሁሉ ጠፋባቸው። የሚያስተዛዝነው መግቢያ፣ ምሳሌው፣ ጥቅሱ ሁሉ ሄደ። «ፋንታዬ፣» አሉ፣ «ጦና አረፈብን።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ጩኸቷን በር ላይ የቆሙት ሴቶች ተቀበሏት፤ ግቢው ተቀበለ፤ ከግቢው መንደሩ። በክረምቱ ሙሉ በዚያች ሴት ደረት ውስጥ ተዘግቶ የነበረው ነገር በአንድ ማለዳ አገር ሆኖ ወጣ። አቶ ኤርካሎም፣ ሌላውን እንጂ ራሳቸውን አስለቅሰው የማያውቁት ሰው፣ የእንሰት ግንድ ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ከቀትር በፊት ባጃጆቹ ከሶዶ ደረሱ። በየግንባራቸው ቅጠል አስረዋል። ጦና ይነዳት የነበረችውን ባጃጅ ባዶዋን፣ በእጃቸው እየገፉ፣ ከፊት አስቀደሟት። ሜዳውን ሲዞሩ አንድም ነጂ ጥሩምባ አልነፋም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፈረሱን አስታወሳቸው። ፋንታዬ እጇን በባዶው መቀመጫ ላይ አሳርፋ አብራ ዞረች። ኤልሳዕ ይህን አይቶ አልከለከለም፤ ሲያበቃ ግን መዝሙሩን ራሱ አነሣ።

ድንኳኑ ሳይፈርስ ታምራት ተደወለለት። ድምፁ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ መጣ። ጦና ሳይሰቃይ እንደሄደ፣ ዐይኑን እሱ እንደጨፈነለት፣ ከትልቅ ዛፍ ሥር ቀብረው ድንጋይ እንደከመሩበትና እንደጸለዩለት ነገራት። «ብቻውን ነበር ወይ?» አለች። «አልነበረም፤ ራሱን ጉልበቴ ላይ አስደግፎ ነበር» አላት። ፋንታዬ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ዐይኗን ጨፈነች። አቶ ኤርካሎ ዝርዝር ያቆስላል የሚለውን ያረጀ እምነታቸውን ያን ጊዜ ተዉት።

የዚያን ማታ ፋንታዬ አቶ ኤርካሎን ወደ ጥግ ጠርታ፣ «ዝም ያልኩት እኮ እናንተን ፈርቼ ነው» አለቻቸው። «ብጠይቅህ ትወድቅ መስሎኝ። እናንተ እኔን ስትጠብቁ፣ እኔ ደግሞ እናንተን ስጠብቅ፣ ልጄ ሳይለቀስለት ከረመ።»

እንቅልፏ ባንድ ቀን አልተመለሰም፤ ይህን መዋሸት አይገባም። በየሳምንቱ ህብረት ዲምቱ ስትመጣ ፋንታዬ ወደ ጤና ጣቢያው ትሄዳለች፤ አቶ ኤርካሎ ደጅ ላይ ይጠብቋታል። አንዳንድ ቀን ዐይኗ አብጦ ትወጣለች፤ አንዳንድ ቀን ቀለል ብሏት። ራስ ምታቱ ቀነሰ፤ ምግብ ጣማት፤ ሌሊቱን አንዴ ግማሹን፣ አንዴ ሙሉውን መተኛት ጀመረች።

«ምን አለችሽ ዛሬ?» ይሏታል ህብረትን።

«አልነግርዎትም።»

«እኔም የጦና አጎት ነኝ እኮ!»

«አጎትም ቢሆኑ አልነግርዎትም።»

«ይህን ያህል ምስጢር የምትይዢ ከሆነ መርዶ ነጋሪ ይወጣሻል» ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ጊፋታ ካለፈ በኋላ የቀበሌው እድር ሲሰበሰብ አቶ ኤርካሎ ተነሥተው ሐሳብ አቀረቡ። መርዶ ከእንግዲህ በዓልና አዝመራ እየተቆጠረ አይዘገይ፤ የተደበቀ ሞት ሁለት ጊዜ ይገድላልና። ስናረዳ አባቶቻችን እንዳወረሱን ተሰብስበን እናርዳ፤ የሞቱን ነገር የሚጠይቅ ግን እውነቱ ይነገረው። ድንኳን ሲፈርስ ለቅሶው አለቀ አይባል፤ እድሩ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው ይመድብ። ሐዘኑ የበረታበትን፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣውን ደግሞ ወደ ህብረት እናድርሰው፤ እብድ ነው ብለን አንፈር።

የእድሩ ዳኛ አቶ ማሞ ሳቁ። «ኤርካሎ፣ ሐኪም ሆንክ እንዴ?»

«አልሆንኩም። ሥራዬ ግማሽ መሆኑን ነው ያወቅሁት። የአባቶቻችን ልቅሶ ሰውን በአንድ ቀን ከሐዘን ውኃ ያወጣዋል። የዚች ልጅ ትምህርት ደግሞ ከወጣ በኋላ ያደርቀዋል። አንዱን ይዘን ሌላውን ብንጥል፣ ወይ ሰው እንደሰጠመ ይቀራል፣ ወይ ወጥቶ በብርድ ይሞታል።»

«ሐሳቡስ መልካም ነው» አሉ ዳኛው። «ግን ተመልሶ የሚጠይቀው ማነው? አንተ ብትሄድ ቤቱ እንደገና ይጮኻል።»

ከሴቶቹ ወገን ፋንታዬ ተነሣች። በእድር ስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

«መርዶውን እሱ ይንገር» አለች። «ከዚያ በኋላ ያለውን ለእኔ ተዉልኝ። ምን ማለት እንደሌለብኝ አውቃለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ ጸሐዬ የምትባል የፋንታዬ ሰፈር ሴት ባሏ በሩቅ አገር ሞተባት። አቶ ኤርካሎ በማለዳ ገብተው አረዱ፤ አገር አለቀሰ፤ ድንኳኑም ፈረሰ። ግቢው ጸጥ ባለበት በማግሥቱ፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣ ፋንታዬ የጸሐዬን ደጅ ከፍታ ገባች። ጸሐዬ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ጸሐዬ ፈቀቅ ብላ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።